የፏፏቴው ደረጃና ያሳጠርኩት ቃል

የፓርኩ በጀት የተለቀቀው ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነበር። መንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ለሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። እስከ ሰኔ ሠላሳ ውል ያልታሰረበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ተመላሽ ያደረገ መሥሪያ ቤት ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ሲጠይቅ «የሰጠናችሁንስ መቼ ሠራችሁበት?» ይባላል።

ያንን በጀት ለዓመታት ስንጠይቅ ኖረናል። ከቦንጋ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ርቆ፣ ጥቅጥቅ ባለ ደን መሐል የሚወርድ ፏፏቴ አለ። ቦታው የመንግሥት ፓርክ እንዲሆን፣ በርና የእግር መንገድ፣ መጸዳጃ ቤት፣ ከሁሉም በላይ ከገደሉ አፋፍ እስከ ፏፏቴው ሥር የሚያወርድ ደረጃ እንዲሠራለት የሚጠይቀውን ደብዳቤ በየዓመቱ የምተይበው እኔ ነበርኩ። ምኞቱ የመሥሪያ ቤቱ ብቻ አልነበረም፤ የእኔም ነበር። ዙሪያውን ደኑ እየተመነጠረ ሲሄድ አያለሁ፤ ያ ቦታ ፓርክ ከሆነ ይተርፋል ብዬ አምን ነበር። አሁንም አምናለሁ። ይህን የምለው ራሴን ለመከላከል አይደለም። ወይም ምናልባት ትንሽ ለመከላከል ይሆናል።

የሥራ መደቤ ጸሐፊነት ነው። ገጠር ስንወጣ ግን አስተርጓሚዋም እኔው ነኝ። አባቴ ከወሎ መጥቶ ዋጫ ከተማ ላይ ሱቅ የከፈተ የጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ እናቴ የካፋ ልጅ ናት። አባቴ የአገሩን ቋንቋ፣ ካፊኖኖን፣ ከሰላምታና ከዋጋ አሳልፎ ሳይለምደው ነው የሞተው። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ በእሱና በደንበኞቹ መካከል ቆሜ ቃል የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። አንዲት ሴት ስለ ልጇ ሠርግ፣ ስለ ባሏ ሕመም፣ ስለ ዘንድሮው ቡና ተናግራ ተናግራ ስታበቃ፣ አባቴ «ምን አለች? በአጭሩ» ይለኛል። «ነጠላ ትፈልጋለች» እለዋለሁ። ይስቃል፤ ጎበዝ ይለኛል። ያ ጎበዝ መባል ጣመኝና አብሮኝ አደገ። በመሥሪያ ቤትም ኃላፊያችን «እሷ ነገር ታሳጥርልናለች» እያለ ሰው ፊት ሲያመሰግነኝ፣ ልጅ ሳለሁ እንደሚሰማኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ለውሉ የሚያስፈልገን አንድ ወረቀት ብቻ ቀርቶን ነበር፦ የአካባቢው ሕዝብ መስማማቱን የሚያሳይ ቃለ ጉባኤ። ሰኔ አጋማሽ ላይ ኃላፊያችን፣ ከክልል የመጣው ኢንጂነርና እኔ በአንድ መኪና ወጣን። ኢንጂነሩ ዲዛይኑን የሠራ ሰው ነው፤ ወጣት፣ ዝምተኛ፣ ጫማው ከጭቃ የማይለይ። ኃላፊያችን መንገድ ላይ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ዛሬ ስምምነቱን ይዘን ካልተመለስን አለቀልን። ዲዛይን ይቀየር የሚል ነገር ከተነሣ ፋይሉ ክልል ደርሶ ሳይመለስ ሰኔ ያልቃል» አለኝ። ኢንጂነሩ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ነበር።

ሕዝቡ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ሣር ላይ ተቀምጦ ጠበቀን። ኃላፊያችን ስለ ፓርኩ ተናገረ፤ እኔ ተረጎምኩ። ወጣቶቹ ሥራ ይኖር እንደሆነ ጠየቁ፤ ይኖራል ተባሉ። ሴቶቹ የውሃ መንገዳቸው እንዳይዘጋ ጠየቁ፤ አይዘጋም ተባሉ። ነገሩ ሁሉ በሰላም እየሄደ ሳለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። በዚያ ደን ውስጥ ቀፎ በመስቀል የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሲነሡ ሁሉም ዝም አለላቸው።

«ደረጃው የሚወርድበት ጎን መሬቱ እግር አለው» አሉ። በካፊኖኖ እንደዚያ ነው ያሉት። «ከላይ ስታዩት ሣር ነው፤ ከሥሩ ውሃ ነው። ልጅ ሳለሁ አንድ ክረምት ከነዛፉ ተነሥቶ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ትልቅ ዋንዛ ነበር፤ ሳይወድቅ፣ እንደቆመ ወንዝ ገባ። ከዚያ ወዲህ አባቴ በዚያ ጎን ቀፎ አልሰቀለም። እኔም አልሰቀልኩም። ነሐሴ ላይ ከብት እንኳ በዚያ አይወርድም።»

አብረዋቸው ያዩትን ሰዎች አንድ በአንድ ጠሩ። ከሞቱት ጀመሩ፤ በሕይወት ወዳሉት መጡ። ያን ዓመት ዝናቡ እንዴት እንደነበረ ተናገሩ። ከዚያ ወዲያ ማዶ በእጃቸው አሳዩ።

«በዚያኛው በኩል ድንጋይ ነው። የቀፎ መንገዴ ነው፤ ከአያቴ ጀምሮ የእኛ ነው። ይረዝማል፣ ይዞራል፣ ግን ድንጋይ ነው። ለሁሉም የሚሆን ሥራ ከሆነ መንገዴን ውሰዱት። ቀፎዬን አነሣለሁ።»

አንድም ቃል አላመለጠኝም። በሰማዩ ላይ ደመናው ጠቁሮ፣ ሾፌሩ ዝናብ ከቀደመን ዳገቱን አንወጣውም ብሎ ሞተር አስነሥቶ ነበር። ኃላፊያችን ሰዓቱን አየ።

«ምን አሉ?» አለኝ።

«አባት ደስ ብሏቸዋል። ደረጃው በጥንቃቄ እንዲሠራ አደራ ይላሉ» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ኢንጂነሩ ቀና ብሎ አየኝ። «ይኸ ሁሉ ንግግር ይኸው ነው?»

«የድሮ ታሪክ ጨምረውበት ነው» አልኩት።

ኃላፊያችን አጨበጨበ፤ ሕዝቡም ተከትሎ አጨበጨበ። ሽማግሌው ጭብጨባው ለሰጡት መንገድ መስሏቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። እኔ ዓይኔን ወደ ደብተሬ መለስኩ። «ኅብረተሰቡ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል» ብዬ ጻፍኩ። ሽማግሌው በስማቸው ትይዩ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ሲያሳርፉ እጃቸውን ይዤ ቦታውን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ።

ለረጅም ጊዜ ያን ቀን ያደረግኩትን ለበጀቱ ስል ያደረግኩት ነው እያልኩ ራሴን አሳምኜ ነበር። በጀቱም አለበት፤ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ዝናቡም አለበት። በአንድ ትንፋሽ አሳጥሬ ሁሉንም ማስደሰቴም አለበት። ነገሩን ስናገረው ውሸት እንኳ አልመሰለኝም። አደራ ብለዋል ማለት አይቻልም እንዴ? ብዬ መኪና ውስጥ ራሴን ጠየቅኩ፤ ይቻላል ብዬም መለስኩ።

ውሉ በጊዜው ታሰረ። ደረጃው በጋውን ተሠራ። ሚያዝያ ላይ ሲመረቅ አዲስ ቀሚስ ለብሼ ሄድኩ። እሑድ እሑድ ከቦንጋ ሰው በሚኒባስ እየሞላ መምጣት ጀመረ። ሙሽሮች ፎቶ ይነሣሉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ያነባሉ፤ ጉሬዛዎቹ ከላይ ሆነው ያዩአቸዋል። ከመንደሩ ሰዎች ተቀጠሩ። የቀፎ ሰቃዩ ሽማግሌ የልጃቸው ሚስት ትኬት ቆራጭ ሆነች፤ ፈገግታ የማይጠፋት፣ ጎብኚን ሁሉ እንደ ቤት እንግዳ የምትቀበል ሴት ናት። ይህን ሳይ የሆዴ ነገር ቀለል ይለኝ ነበር። ይኸው ተሠራ፣ ይኸው ሰው ጠቀመ እል ነበር።

ነሐሴ ላይ ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ሳያባራ ዘነበ። በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ አባራና ጥቂት ጎብኚዎች መጡ። ትኬት ቆራጯ ሰማዩ እንደገና ሲጠቁር ስታይ፣ ከሥር ያሉትን ለመጥራት በደረጃው ወረደች። እነሱን አስቀድማ ከኋላ ስትወጣ መሬቱ ተነሣ። ደረጃው ከነመደገፊያው አብሮ ሄደ። ጎብኚዎቹ አፋፉ ላይ ደርሰው ነበር። እሷን ግን ከጭቃውና ከተሰበረው ኮንክሪት መሐል በቃሬዛ አወጧት። እግሯ ሁለት ቦታ ተሰብሯል።

ከመሥሪያ ቤት ብርቱካን ይዘን ሆስፒታል ልንጠይቃት ሄድን። የሥራ ጓደኞቼ ወደ ክፍሉ ሲገቡ፣ ሽማግሌው ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። ልለፋቸው ፈለግኩ። እሳቸው ግን ተነሡልኝ፤ እሳቸውን የሚያህሉ ሰው ለእኔ ተነሡልኝ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«መጣሽ ልጄ» አሉ። «አንቺን አይጸጽትሽ። አንቺ ነግረሻቸው ነበር፤ ስትነግሪያቸው ቆሜ አይቻለሁ። እነሱ ናቸው ያልሰሙሽ።»



«ቀፎዬን እንኳ አንሥቼ ነበር» አሉ ቀጥለው። «መንገዱን ይወስዱታል ብዬ ሁሉንም አወረድኩ። ሠራተኞቹ መጥተው እግር ባለው ጎን ሲቆፍሩ ሳይ፣ እንግዲህ የተማረ ሰው የሚያውቀው ነገር ይኖራል አልኩ። ሄጄ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔም ጥፋት አለብኝ።»

ያኔ ልናገር ይገባኝ ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር ብል ደግሞ ሌላ ውሸት መጨመር ነው፤ አልመጣም። «እግዚአብሔር ይማርልዎ» ብዬ ወደ ክፍሉ ገባሁ። ትኬት ቆራጯ እግሯ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። «ሰዎቹ ደኅና ገቡ?» አለችኝ። ስለ ጎብኚዎቹ ነው። «ደኅና ገብተዋል» አልኳት።

በሳምንቱ ሽማግሌው በመንደራቸው ሰው እጅ አንድ ቅል ማር ላኩልኝ፤ ከጌተም ዛፍ አበባ የሚገኘውን ነጩን ማር። ስለ ደከምሽልን ብለዋል አለኝ መልእክተኛው። ባለቤቴ ማሩን ቀምሶ «እንዲህ ዓይነት ማር ከየት አገኘሽ?» አለ። ልጆቼ ዳቦ እያጠቀሱ በሉት። አትብሉ ለማለት ምክንያቱን መናገር ሊኖርብኝ ነው። እኔ አልቀመስኩም። አለመቅመሴም የሆነ ነገር የከፈልኩ መስሎ ተሰምቶኝ ነበር፤ ምንም አልከፈልኩም።

ለክልል የሚላከውን ሪፖርት የተየብኩት እኔ ነኝ። ኃላፊያችን «ባልተጠበቀ የተፈጥሮ አደጋ ምክንያት» እያለ ሲያስጽፈኝ፣ «ባልተጠበቀ» የሚለው ላይ ጣቴ ቆመ።

«ምነው?» አለ።

«ምንም» አልኩ፤ ጻፍኩት።

በአዲሱ ዓመት ለጥገና የሚሆን በጀት ተፈቀደ፤ በዚህኛው ጊዜ ገና በጥቅምት። እንደገና ስብሰባ ተጠራ። ኃላፊያችን ሌላ ስብሰባ ስለነበረው ኢንጂነሩና እኔ ብቻ ሄድን። በእነዚያ ወራት ውስጥ እንቅልፌም ምግቤም ልክ አልነበረም። ትኬት ቆራጯን ከስብሰባው በፊት በነበረው ቅዳሜ ቦንጋ ገበያ ላይ አይቻት ነበር፤ በምርኩዝ ነው የምትሄደው፤ ባጃጅ ላይ ስትወጣ እግሯን በእጇ አንሥታ ነው ያስገባችው። መኪናው ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ጠጠሩ ሲገባ፣ ሳላስበው አፌ ተከፈተ። ሽማግሌው ያን ቀን ያሉትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለኢንጂነሩ ነገርኩት። የዋንዛውን፣ የከብቱን፣ የድንጋዩን መንገድ፣ ቀፎዬን አነሣለሁ ያሉትን ሁሉ።



«እኔም ያንን መሬት ጠርጥሬው ነበር» አለ። «የአፈር ምርመራው በበጋ የተሠራ ነው። ግን ጥርጣሬ ብቻውን ፋይል አያስመልስም። አንድ የአገሩ ሰው ተናግሮ ቃለ ጉባኤ ላይ ቢሰፍር ኖሮ ይዤው እሄድ ነበር። ለዚህ እኮ ነው ይኸ ሁሉ ንግግር ይኸው ነው ያልኩሽ።»

«በጀቱ ይመለስ ነበር» አልኩ።

«ይመለስ ነበር ይሆናል። ላይመለስም ይችል ነበር። አሁን ማን ያውቃል?»

እውነቱን ይሁን፣ ወይስ እሱም የራሱን ሸክም ወደ እኔ እያሻገረ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ግን የተደገፍኩበት የበጀቱ ምክንያት ያን ጊዜ ከሥሬ ተነሣ።

ስብሰባው ላይ ሰው ከበፊቱ ይበዛል። ሽማግሌው በዚህ ጊዜ ከፊት ነበር የተቀመጡት፤ አጠገባቸው የልጃቸው ሚስት ከነምርኩዟ። ገና ሰላምታው እንዳለቀ ተነሡ።

«ያን ጊዜ ተናግሬ ነበር» አሉ ኢንጂነሩን እያዩ። «ይህች ልጅ ነግራችሁ ነበር። አልሰማችሁም። የእኛን ቃል ለምን ናቃችሁት? ዛሬ እደግመዋለሁ፤ ዛሬም አትሰሙ እንደሆነ ግን ንገሩንና ወደየቤታችን እንሂድ።»

ኢንጂነሩ ወደ እኔ ዞረ። ምን አሉ አላለኝም። ይጠብቀኛል።

ወደ ሽማግሌው ዞርኩ። በእናቴ ቋንቋ፣ «አባቴ፣ እሱ አልናቀዎትም። አልሰማም። እኔ አልነገርኩትም» አልኩ።

ሽማግሌው ያልኩት ያልገባቸው ይመስል አንገታቸውን ወደ እኔ አቀረቡ።

«ምን አልነገርሽውም?»

«የመሬቱን። የቀፎውን መንገድ። ደስ ብሏቸዋል ብቻ ነው ያልኩት።»

«ረስተሽ ነው?»

ረስቼ ነው ብል ይቅር ይሉኝ ነበር። መንገዱን ከፍተውልኝ ነበር።

«አልረሳሁም» አልኩ።

«ታዲያ?»

ስለ በጀት፣ ስለ ሰኔ ሠላሳ፣ ስለ ዝናቡ የማወራው ሁሉ ጠፋብኝ። የቀረኝ አንድ ነገር ነበር።

«ረዥም ነበር» አልኩ።

«ረዥም ነበር» አሉ እሳቸውም፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። የልጃቸውን ሚስት አዩ። እሷ ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም፤ ጭኗ ላይ ያለውን ምርኩዝ በጣቷ ትዳስሳለች። ከሕዝቡ መሐል አንዲት ሴት በምሬት አንድ ነገር ተናገረች፤ ሌሎች ዝም አሰኟት። የማልቀስ ፈቃድ ያለኝ አልመሰለኝምና አላለቀስኩም።

ሽማግሌው በካፊኖኖ፣ «የትምህርት ቤቱ መምህር ይምጣ» አሉ። መምህሩ ከኋላ ተጠርቶ መጣ፤ የመንደሩ ልጅ ነው። ሽማግሌው አንድ ዐረፍተ ነገር ይናገሩና ይቆማሉ፤ መምህሩ ይተረጉማል፤ እሳቸው ወደ ኢንጂነሩ ፊት አይተው ይቀጥላሉ። ቀትር አለፈ። ማንም አልተነሣም። እኔ ደብተሬን አወጣሁና ጻፍኩ። የእኔንም ጨምሬ ጻፍኩ፦ በቀድሞው ስብሰባ አስተርጓሚዋ የተነገረውን እንዳላስተላለፈች በራሷ አንደበት መናገሯን።

ቢሮ ስመለስ ኃላፊያችን ቃለ ጉባኤውን አንብቦ በሩን ዘጋ። «ይህን ስለ አስተርጓሚዋ የሚለውን ከውስጡ አውጪው» አለኝ። «ያኛው ፋይል ኦዲት ተደርጎ የተዘጋ ነው። አንቺንም እኔንም ነው የሚጎዳው።»

«አላወጣም» አልኩ። ጀግንነት አልነበረም። ኢንጂነሩ የራሱን ቅጂ ይዞ ሄዷል፤ ይህን እኔም ኃላፊያችንም እናውቃለን። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ፋይሌ ውስጥ አለ። ያነበብኩት ቀን ቀለለኝ፤ በማግስቱ ደግሞ እንደገና ከበደኝ። አንድ ወረቀት ለዚያች ሴት እግር ምን ያደርጋል?

ዲዛይኑ ተቀየረ። ሥራው ከታሰበው ዘገየ፣ ግን በጀቱ አልተመለሰም። ደረጃው ድንጋዩን ተከትሎ እየዞረ ይወርዳል፤ ሁለት ክረምት አለፈበት፣ አልተነቃነቀም። የቀድሞው ጎን ላይ አሁን ሣር በቅሏል። ትኬት ቆራጯ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች፤ ወንበር ሰጥተዋታል። እንደ በፊቱ ወርዳ ሰው መጥራት አትችልም፤ ከላይ ሆና ነው የምትጣራው። እኔን ስታየኝ በትሕትና ሰላም ትለኛለች። እንድትቀመጥ ወንበሯን ከምታቀርብላቸው እንግዶች ግን አይደለሁም።

አሁን ገጠር ሲወጡ ሌላ ሰው ነው የሚተረጉመው። አልተከለከልኩም፤ እኔ ነኝ ይቅርብኝ ያልኩት። ኃላፊያችን አንዳንዴ «ያኛው አስተርጓሚ ነገር ያንዛዛል» እያለ ሲያማርር እሰማለሁ።

ባለፈው ጥር ልጆቼን ይዤ ወደ ፏፏቴው ሄጄ ነበር። ደረጃው ወገብ ላይ ሽማግሌው ገመድ ትከሻቸው ላይ አድርገው ሲወጡ አገኘናቸው። ድሮ ሲያዩኝ በካፊኖኖ፣ ልጄ ብለው ነበር የሚጣሩት። በዚህ ቀን እኛን ለማሳለፍ ወደ ድንጋዩ ጠጋ አሉና፣ በሚያውቋት በጣት በምትቆጠር አማርኛ፣ ከከተማ ለመጣ የቢሮ ሰው እንደሚባለው፣ «እንደምን ዋሉ?» አሉኝ።

በእናቴ ቋንቋ መለስኩላቸው። ስለ ቤታቸው ጠየቅኩ፣ ስለ ጤናቸው ጠየቅኩ።

«ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፤ አሁንም በአማርኛ። የልጆቼን ራስ ዳበስ ዳበስ አድርገው መንገዳቸውን ቀጠሉ።